«ቁንጫ ሊኖር ይችላል»፦ ከጥያ እስከ ኮንሶ

ታናሽ ወንድሜ ማስተርሱን የሚማረው በቱሪዝም ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ እንዳለ ብገለብጠው ሦስት መስመር ይፈጃል። ባጭሩ ግን ጥያቄው ይሄ ነው፦ ባህልና ቅርስ ሊያይ የሄደ ሰው፣ የአካባቢው ሰውም ሳይጎዳ፣ በምን ይረካል? ወደ ደቡብ ልንወርድ መሆኑን ሲሰማ አንድ ፌስታል ሙሉ መጠይቅ አሸከመኝ። መኝታ፣ ምግብ፣ መንገድ፣ አስጎብኚ፣ ዋጋ፣ ንጽሕና ተዘርዝረዋል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። «ያገኘሻቸውን ጎብኚዎች ሁሉ አስሞይልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። እምቢ ብለውስ መቼ ይለቀኛል?

ጊዜው የኅዳር መግቢያ ነው። የነቢያት ጾም ገና አልገባም። ተጓዦቹ እኔ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለእረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ፣ እና መኪናውን የሚነዱልን ጋሼ ነን። የአክስቴ ልጅ ከአገር የወጣችው በሕፃንነቷ ነው። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ስትናደድ ግን ወደ እንግሊዝኛ ትገባለች። ጋሼ በዚህ መስመር ቱሪስት ሲያመላልሱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ራቭ ፎሯን ከእጃቸው ለማንም አይሰጡም።

ሐሙስ፦ ጥያ፣ ቡታጅራ፣ ሶዶ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። በዓለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት ጥያ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን ስንቱ የአዲስ አበባ ሰው ነው በአጠገቡ አልፎ የሚሄደው! እኔም እስከ ዘንድሮ ከነሱ አንዷ ነበርኩ።

ድንጋዮቹ 36 ናቸው። 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። በብዛት የሚታየው ሰይፍ ነው። ከሥራቸው መቃብር ነው። ያስጎበኘን ልጅ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። የአክስቴ ልጅ ቅጠል የሚመስለውን ምልክት አሳየችውና «ይሄስ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሰይፉ ሰይፍ ነው እህቴ። ይሄኛውን ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።»

መልሱ በጣም ደስ አላት። ላሊበላ ሄዳ በነበረ ጊዜ የሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ተረት እንደሰጣትና ማታ ሆቴል ገብታ ስታነብ ግማሹ እንዳልተገናኘላት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱንም መጠራጠር ጀመረች። የመጀመሪያው መጠይቅ እዚያው መኪና ውስጥ ተሞላ። አስጎብኚ፦ 5።

ቡታጅራ ላይ ቁርስ ክትፎ ሆነ። በቆጮና በአይብ፣ ዋጋው አዲስ አበባ ከምንከፍለው በግማሽ። ጋሼ «እዚህ ካልበላችሁ የት ልትበሉ ነው?» ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ሆሳዕናን ዝም ብለን አለፍናት።

ችግሩ የመጣው ወላይታ ሶዶ ላይ ነው። የቤንዚን ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። ባጃጆቹ ብቻ አንድ ሰፈር ያክላሉ። ከማደያው ሃምሳ ሜትር ሳይርቅ ልጆች በሃይላንድ ቀድተው በእጥፍ ይሸጣሉ። ጋሼ አልገዛም አሉ። «ዛሬ ከነሱ ከገዛሁ ነገ ማደያው ጭራሽ አይቀዳልኝም።» ቆምን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆምን። አርባ ምንጭ ስንገባ መሽቶ ሁለቱም ሐይቆች ጨለማ ውስጥ ነበሩ።

ዓርብ፦ አርባ ምንጭ

ሆቴሉን የመረጥነው በፎቶ ነው። መዋኛ፣ ዋይፋይ፣ በረንዳ፣ ከበረንዳው ሐይቅ። ፎቶው አልዋሸም፤ ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍት የአክስቴ ልጅ ጮኸች። በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጋራ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃ የለም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ «አሁን ይመጣል» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደዚያው። ሦስት ሰዓት ላይም እንደዚያው። አራት ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ውሃው የሚመጣው ማታ ነው፤ በባልዲ ላምጣላችሁ?» አለችኝ። እግዜር ይስጣት። ቀድማ እሷን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ተለቃልቀን፣ ቁርስ በልተን፣ ጫሞ ላይ ነበርን። ወረቀቱ ላይ የአክስቴ ልጅ ለመኝታው 2 ሰጠችው። መዋኛ ላለው ሆቴል!

ከተማዋ ሁለት ናት። ሴቻ ላይ፣ ሲቀላ ታች። ጀልባ የሚከፈለው በሰው ብዛት አይደለም፤ በጀልባ ነው፣ 3,000 ብር። ሁለት ሆነን መክፈሉ ከብዶን ስንጨቃጨቅ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «እንካፈል?» ብለው መጡ። የነፍስ አድን ጃኬቱ አሳ አሳ ይሸታል።

አዞዎቹ በሚተኙበት ዳርቻ የጀልባ ነጂያችን ሞተሩን ከሩቅ አጠፋው። ከጎናችን ያለ ሌላ ጀልባ ግን ለቪዲዮ ተብሎ አፋቸው ድረስ ተጠጋ። አዞዎቹ አንድ በአንድ ውሃ ገቡ። ከተማሪዎቹ አንዱ መቶ ብር ልጨምርልህና ተጠጋ አለው። ነጂው ሳቀ። «እነሱ ከሸሹ ነገ ምን አሳያለሁ?» አለ። ስለ ዘላቂ ቱሪዝም ወንድሜ ያስነበበኝ ብዙ ገጽ አለ፤ ይህን ያህል አጭር አላገኘሁም። ጉማሬዎቹን ስንመለስ አየናቸው። ዓይንና ጆሮ ብቻ።

ምሳ አሳ ነው። አርባ ምንጭ ሄዶ ሌላ የሚያዝ ሰው ይኖራል? ይኖራል፤ ጋሼ። ዓርብ ነውና አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር በወጉ ከፈቱት። «እኔ አልበላም፤ የሚበላውን ግን አልኮንንም» ብለው በያይነቱ አዘዙ። እኛ ጉላሽና ለብለብ። ሙሉ ሰሃን 450 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ብር የሚመጣው አሳ ከበረዶ የወጣ ነው። በላዩ የሽፈራው ሻይ ጠጣን።

ከሰዓት በኋላ አንድ መግቢያ ላይ ፀብ ተነሳ። የት እንደሆነ ልለፈው። የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ ዋጋ ይለያያል፤ ይሄ የታወቀ ነው። እኔም ትክክል ነው ባይ ነኝ። ግን ዋጋው የትም አልተለጠፈም። ቲኬት ቆራጩ የአክስቴን ልጅ አነጋገር ሰምቶ የውጭ ዋጋ ጠራ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋ፣ ቢጫ ካርዷ፣ አዲስ አበባ ቀርቷል። «እናቴ እኮ ኮልፌ ነው የተወለደችው!» አለችው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባች። መጨረሻ ላይ በመካከለኛ ዋጋ ተስማሙ፤ ያለ ደረሰኝ። እሷን ያናደዳት ልዩነቱ አይደለም። ዋጋው ፊቷን እያዩ የሚወጣ መሆኑ ነው። ብሩስ የማን ኪስ ገባ? ውስጥ ገብተን ያየነውን ግማሹን አላስታውስም። ፀቡን ግን ቃል በቃል መድገም እችላለሁ።

ቅዳሜ፦ ጨንቻና ዶርዜ

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ጠዋት በቲሸርት የወጣ ሰው ቀትር ላይ ጋቢ ይፈልጋል።

መንገዱ ላይ ልጆች ይጠብቃሉ። መኪና ሲያዩ መሐል አስፋልት ወጥተው ይጨፍራሉ፤ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ይቀመጣሉ፤ በእንጨት መኪና ቁልቁል ይንሸራተታሉ። የአክስቴ ልጅ ብር ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ጋሼ መስኮቱን ከሳቸው በኩል ዘጉት።

«ጋሼ፣ ጎበዞች እኮ ናቸው! ሠርተው ነው የጠየቁት።»

«ዛሬ ብር ካገኙ ሰኞ ትምህርት ቤት አይሄዱም። በዚህ ኩርባ ላይ ደግሞ አይሱዙ ሲመጣ አይታይም። መስጠት ከፈለግሽ ላይ ስንደርስ ለትምህርት ቤቱ ትሰጫለሽ።»

ተኮረፈ። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ግን የልጆቹን ፊት አይቶ ማለፍ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ መጠይቁ ምንም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ጨንቻ ወጣን፤ ቅዳሜ የገበያ ቀኗ ነው። ጥጥ፣ ገብስ፣ ቅቤ፣ ቆጮ በቅጠል ተጠቅሎ። እና ፖም! የጨንቻ ፖም አዲስ አበባም ይሸጣል፤ ከዛፉ ሥር ሲገዛ ግን ዋጋውም ጣዕሙም ሌላ ነው። ሴቶቹ «ቅመሺ» ብለው ቆርሰው ይሰጣሉ። ቀምሰሽ ብትሄጂም ፊት አያጠቁሩም። ሁለት ኪሎ ገዝተን እስከ ኮንሶ በላነው።

ዶርዜ ደረስን። ቤቶቹን በፎቶ ያላያቸው የለም። ከቀርከሃ የተሸመኑ፣ ፊታቸው ዝሆን የሚመስል። አዲስ ሲሠሩ እስከ 12 ሜትር ይደርሳሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው በየዓመቱ ዝቅ ይላሉ፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ይኖራል። አስፈላጊ ከሆነ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። ውስጡ ጨለማና ሞቃት ነው። በአንድ በኩል ከብቶቹ፣ መሐል እሳቱ።

ትርኢቱ እንደሚጠበቀው ነው። እንሰት ተፋቀ፣ ቆጮ ተጋገረ፣ ጥጥ ተፈተለ፣ አረቄ ቀረበ፣ «ዮ! ዮ!» ተባለ። ለቱሪስት የተዘጋጀ መሆኑ ያስታውቃል። ዲን ማካኔል የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለዚሁ ጽፎ ነበር፤ ጎብኚ እውነተኛውን ኑሮ ፈልጎ ይመጣል፣ የሚታየው ግን መድረክ የወጣው ነው እያለ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በትርኢቱ አልተከፋሁም። ማንም እውነት ነው ብሎ አላታለለኝም። ቆጮው ደግሞ እውነተኛ ቆጮ ነው፤ በማርና በዳጣ። ዳጣው ዓይኔን አስነባው።

አዳራችን እዚያው የቀርከሃ ቤት ነው። ለአንድ ሰው 1,200 ብር፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ። ዋጋው በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ከሥሩም ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለቤቱ ባለቤት፣ ስንቱ ለሚያበስሉት ሴቶች፣ ስንቱ ለመንደሩ እንደሚሄድ አለ። የአክስቴ ልጅ ቆማ ሁሉንም አነበበችው። ትናንት ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ የጠመኔ ጽሑፍ ይቀር ነበር።

እመቤቲቱ አልጋውን ስታሳየን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ልጆቼ፣ ልንገራችሁ። ቤቱ የቀርከሃ ነው፤ ቁንጫ ሊኖር ይችላል። አንሶላው ታጥቧል፤ ግን አለ ብላችሁ ተኙ። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ሌሊት ስትወጡ ባትሪውን ያዙ። ካልተመቻችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ፤ አርባ ምንጭ ለመመለስ ገና ብርሃን ነው።» ተያየን። ቆየን።

ማታ ትርኢቱ አልቆ ሌሎቹ እንግዶች ተኙ። ባልየው ሸማኔ ነው። እሳቱ ዳር ተቀምጦ ስለ ሽሮ ሜዳ አወራን። በልጅነቱ ዘመድ ወስዶት እዚያ ሲሸምን ነው ያደገው። እንጦጦ ሥር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት መሸመኛ፣ ጠዋት እስከ ማታ። እኔ ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ ስገዛ ዋጋ እስኪሰለቸኝ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህንን ታሪክ ከዚያ በኩል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሚስቱ ስለ መስቀል አወራችን። ዶርዜም ጋሞ ነው፤ ለጋሞ ሰው ዓመቱ የሚዞረው በመስቀል ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ለመስቀል ይገባል። ጋሼ ደግሞ የ2011 ዓ.ም. መስከረምን አነሱ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። ባልየው ራሱን ነቀነቀ። ብዙ አላወራበትም።

እሑድ፦ ወደ ካራት

ቁንጫው ነበር። የአክስቴ ልጅ ክንድ ላይ በሰልፍ ነው የሄደው። እኔን አልነካኝም፤ የአገር ልጅ ያውቃል መሰለኝ። ቁርስ ላይ እየፎከተች መጠይቋን ሞላች። መኝታ፦ 5።

«ቁንጫ በልቶሽ?»

«ነግራኛለች እኮ!»

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ዶርዜ ላይ ኔትወርክ አለ፤ እሱም ተገረመ። ሳቀብኝ። በጽሑፉ በየገጹ የሚጠቅሰው ሪቻርድ ኦሊቨር የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ሐሳብ ነው፤ እርካታ የሚለካው ያገኘኸው ከጠበቅከው ጋር ሲተያይ ነው ይላል። ሐይቅ የሚያሳየው ሆቴል 2 አገኘ፣ የቁንጫው ቤት 5። «ዳታ እያመጣሽልኝ ነው» አለ። እኔ ለራሴ 3 ሞላሁ። ባትሪው ሌሊት ጠፍቶብኝ ሽንት ቤቱን በዳበሳ ነው ያገኘሁት።

ከመውጣታችን በፊት ከሸማኔው አንድ ጋቢ ገዛሁ። 2,800 ብር። ሽሮ ሜዳ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ እንዲያውም ተከራክሬ ላስቀንስ እችል ነበር። አልተከራከርኩም። የአክስቴ ልጅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የጋሞ ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ይዛ ወጣች፤ የት እንደምትለብሰው ራሷም አታውቅም። ለትምህርት ቤቱ የምትሰጠውን ደብተር ከሱቅ ገዝታ አስረከበች። ጋሼም ይቅር አሉ፤ እሷም ይቅር አለች።

ወርደን ደቡብ ያዝን። ሙቀቱ ተመለሰ። ሙዝ፣ ሙዝ፣ ሙዝ። ከዚያ ግራር። ከብት መንገዱን ሲዘጋ ጋሼ ጥሩንባ አይነፉም፤ ሞተር አጥፍተው ይጠብቃሉ። ከአርባ ምንጭ እስከ ኮንሶ ከተማ ካራት 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ወደ ኮንሶ ስንቃረብ ጋራዎቹ መስመር መስመር ሆኑ። መጀመሪያ የተፈጥሮ ነው ያልኩት። ቀረብ ሲሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። እርከን። ከሸለቆ እስከ አናት።

ካራት ፔንሲዮን ያዝን፤ 700 ብር። ልከፍል ስል ቴሌብሩ አልሠራም። የባንኩም መተግበሪያ አልሠራም። ኤቲኤሙ ጋ ሄድኩ፤ «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም»። ያለን ጥሬ ብር ለነገ አስጎብኚ ብቻ የሚበቃ ነው። ባለቤቱ ትከሻውን ነቀነቀ። «የት ትሄዳላችሁ? ነገ ትከፍላላችሁ» አለ። መታወቂያ እንኳ አልጠየቀንም።

ሰኞ፦ ጋሞሌ

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እዚህ አሠራሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ የአስጎብኚዎች ማኅበር ጋ ትሄጃለሽ። የመንደሩ፣ የአስጎብኚው፣ የመኪናው እየተባለ ተለይቶ ትከፍያለሽ። ደረሰኝ ይቆረጣል። መንደር ውስጥ ማንም እጁን አይዘረጋም፣ ወይም ቢዘረጋ አስጎብኚው በኮንሶኛ አንድ ነገር ይለዋል። ከዚህ ወደ ታች ኦሞ በኩል ለእያንዳንዱ ፎቶ ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈልበት ቦታ አለ። እዚያ ከዓመታት በፊት ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ተሰልፎ «እኔን አንሺ» ሲለኝ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ መኪና ገባሁ። ጋሞሌ ላይ ካሜራው እጄ ላይ ዋለ፤ ያነሳሁት ግን ጥቂት ነው።

ጋሞሌ ከካራት ብዙ አይርቅም። መንደሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ በድንጋይ ካብ ታጥሯል፣ ከካቡ በስተውስጥ ሌላ ካብ። ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃ የለም። ሕዝብ ሲጨምር አዲስ ካብ ከውጭ ይጨመራል። የእርከኖቹ ካብ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ኑሮ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ነው ይባላል። ዕድሜውን እንዴት አወቁ? በእንጨት። በየ18 ዓመቱ ትውልድ ሥልጣን ሲረከብ አንድ ረጅም ግንድ ይተከላል። ኦላሂታ ይሉታል። ግንዶቹ አንድ ላይ ታስረው አደባባዩ ላይ ቆመዋል። መቁጠር ነው።

አደባባዩ ሞራ ነው። ትልቅ የሣር ክዳን ያለው፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ ቤት። ወጣት ወንዶች ማታ እዚያ ያድራሉ፤ እሳት ቢነሳ፣ ጠላት ቢመጣ፣ ምጥ የያዛት ብትኖር ፈጥነው እንዲደርሱ። ከጎኑ ክብ ድንጋይ አለ። ወጣት ለትዳር መድረሱን ለማሳየት ከራሱ በላይ አንስቶ ወደ ኋላ ይጥለዋል። የአክስቴ ልጅ ሞከረች። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ሞራ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሳቅ ሞቱ።

ከነሱ አንዱ አባት አስቀመጡን። በአስጎብኚው በኩል ይጠይቁን ጀመር። አዲስ አበባ የምትኖሩበት ቤት ምን ይመስላል? ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ አልኳቸው። በአንድ ሕንፃ ስንት ሰው? ቆጥሬ ነገርኳቸው። ደረጃውን ማን ይጠርጋል? ዝም አልኩ። የእኛ ብሎክ ላይ በዚህ ጉዳይ ተኮራርፈው ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች አሉ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ተያዩ። ኮንሶ ውስጥ ካብህ ሲናድ ዝም ብትል ከታችህ ያለው እርሻ ይቀበራል፤ ስለዚህ ዝም ማለት አይቻልም አሉ። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞረው፣ አሜሪካ እናትሽን ማን ይጠይቃታል አሉ። ስልክ እደውላለሁ አለች። ይህኛውን አስጎብኚው ሲተረጉም ትንሽ ያለሰለሰው መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ምንም አልታየም፣ ምንም አልተጨፈረም። ከጉዞው ሁሉ የማወራው ግን ይህንን ነው። ሰዎቹ እኛን ማየት ፈልገው ነበር፤ ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል።

ስንወጣ አስጎብኚውን መጠይቅ እንዲያስሞላልኝ ጠየቅኩት፤ ሌሎች ቱሪስቶችም ይዞ ስለሚመጣ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ይሄ የሚጠይቀው የመጣውን ሰው ነው። ቁጭ ብሎ የተቀበለውንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ጆርጅ ዶክሲ የሚባል ሰው እንዳለ አስታወሰ። ዶክሲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያለው፣ ጎብኚ ሲበዛ የአካባቢው ሰው ስሜት ከደስታ ወደ ግዴለሽነት፣ ከዚያ ወደ መበሳጨት፣ መጨረሻ ወደ ጥላቻ ይሄዳል የሚል ነው። ታዲያ ለምን አልጠየቅክም አልኩት። «አማካሪዬ ርእሱን አጥብብ አለኝ።»

ካራት ሰኞ ገበያ ነው። ሴቶቹ ባለ ሁለት እርከን ቀሚሳቸውን ለብሰው ጥጥና ማሽላ ይሸጣሉ። ኩርኩፋ በላን፤ የማሽላ ድቡልቡል ነው፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ጨው ያንሰዋል። ጨቃውን፣ የአካባቢውን ጠላ፣ የአክስቴ ልጅ በቅል ተቀብላ ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን ጋሼ አላስተረፉም። ሙዚየሙ ጋ ጎራ አልን። ዋካዎቹ እዚያ ናቸው፤ ለሞተ ጀግና የሚቀረጹ የእንጨት ሐውልቶች። ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደለው ጠላት ወይም አውሬ ከሥሩ። ቦታቸው የመቃብሩ አናት ነበር። እየተሰረቁ ለውጭ ሰው ሲሸጡ ነው ወደዚህ የተሰበሰቡት። የገዛው ሰውም ጎብኚ ነው፤ ረክቶም ይሆናል የሄደው።

ኔትወርኩ ከሰዓት መጣ። ለፔንሲዮኑ ከፈልን። ባለቤቱ የላክንለትን አጭር መልእክት እንኳ አላየውም፤ «ገብቷል፣ ገብቷል» ብሎ ሸኘን። ማታ አርባ ምንጭ አደርን፤ ሌላ ሆቴል።

ማክሰኞ፦ ሶዶ ላይ ጎማ

ሶዶ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውም ለስላሳ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን በራሳቸው ሰደቡ። ቀስ እያልን ጎሚስታ ጋ ደረስን። ልጁ ሚስማሩን አውጥቶ አሳየን፣ ለጠፈ፣ ነፋ፤ 200 ብር። እስኪጨርስ ቡና አፈሉልን።

ለጋሼም መጠይቅ ሰጠኋቸው። አልጽፍም፣ ጠይቂኝ አሉ። ከሁሉ የትኛው መኝታ? ሳያስቡ ዶርዜ አሉ። እኔ ምቾቱን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሆቴሎቹ ሾፌርን ኋላ ጓሮ ያስተኛሉ፤ አንዳንዴም መኪና ውስጥ ያድራሉ። ዶርዜ ላይ ሴትየዋ ከእንግዶቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀምጣ፣ ማሩን መጀመሪያ ለእሳቸው ነው ያቀረበችው። «ለሚቀጥለው ሰው እዚያ ነው የምወስደው» አሉ። ሾፌር እንግዳን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው እንዲህ ነው ለካ።

የአክስቴ ልጅ በበኩሏ ለመስቀል ተመልሳ ትመጣለች። ዶርዜ አድራ የጋሞን መስቀል ልታይ። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ቀኑን መቁጠር ጀመሩ። «ለመስቀል ከሆነ የአዲስ አበባ ሸማኔ ሁሉ ይገባል፣ አልጋ አይገኝም። ከሐምሌ ጀምራችሁ ደውሉላት። ቀብድም ላኩ። ቢጫ ካርድሽንም አትርሺ።»